ኩኪ ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ካሉት ኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ ወረቀት ፕሪንት ለማድረግ ገብቼ ድረ ገጽ የሚታይበትን ፕሮግራም፣ ብራውዘሩን፣ ስከፍት፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ኢሜይል የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠየቅ ወለል ብሎ ታየኝ። ባለቤቱ ገጹን ኤክስ ብሎ ዘግቶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ሄዷል፤ ኢሜይሉ ግን አሁንም እሱ የተቀመጠ መስሎታል። ይህን ያደረገው ኩኪ ነው።

ኩኪ አንድ ድረ ገጽ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ኪሎባይት አይበልጥም። ፕሮግራም ስላልሆነ፣ ብዙዎች እንደሚፈሩት ቫይረስ አይደለም። ያስፈለገውም ድረ ገጾች የሚገናኙበት ኤችቲቲፒ የተባለው ሥርዓት ያለፈውን የማያስታውስ ሆኖ በመሠራቱ ነው፤ ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለናል። በ1994 እ.ኤ.አ. የብራውዘር ሠሪው ኩባንያ የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ይህን ጉድለት በኩኪ ሞላው።

ነገሩ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ ቦርሳ ተቀብሎ ጥበቃው እንደሚሰጠው ባለቁጥር ካርድ ነው። ጥበቃው ስም አይጠይቅም፤ ካርዱን አይቶ ቦርሳውን ያስረክባል፣ ካርዱን ከመንገድ ላይ አንስቶ ለመጣ ሰውም ቢሆን። የሰው ኩኪ የሰረቀ ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ አካውንቱ ውስጥ ሊገባ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ግላዊነትን ይበልጥ የሚነካው ግን የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው ነው። በአንድ የዜና ገጽ ላይ የሚታየው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከሌላ ድርጅት ሰርቨር ይመጣል፤ ያ ድርጅትም የራሱን ካርድ ይሰጣል። በሌሎች ብዙ ገጾችም ላይ ማስታወቂያ ካለው፣ አንድ ጥበቃ በከተማው በሮች ሁሉ ቆሞ ማን የት እንደገባ መዘገበ ማለት ነው። ጠዋት ኮምቦልቻ ሆኖ የጫማ ዋጋ ያየ ሰው፣ ማታ ደሴ ገብቶ በዚያው ስልኩ የኳስ ውጤት ሲያነብ ያው ጫማ የሚከተለው በዚህ መንገድ ነው። ሳፋሪና ፋየርፎክስ የተባሉት ብራውዘሮች ይህን ክትትል ተጠቃሚው ሳይጠይቅ ይገድባሉ፤ በክሮም ላይ ግን ሴቲንግ ገብቶ የሦስተኛ ወገን ኩኪን መዝጋት የተጠቃሚው ፈንታ ነው። «ኩኪ ይቀበላሉ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣም ሳያነቡ «አክሴፕት» ማለት ልማድ ሆኗል እንጂ፣ አልቀበልም ቢሉም አብዛኛው ገጽ ይሠራል።

በሰው ኮምፒውተር ላይ ኢንኮግኒቶ የሚባለውን የብራውዘሩን የግል መስኮት መክፈት ይመረጣል፤ መስኮቶቹ ሁሉ ሲዘጉ ኩኪዎቹ ይጠፋሉና፤ ሆኖም ከኢንተርኔት አቅራቢው ዓይን አይሰውርም። በተለመደው መስኮት የተጠቀመ ሰው ግን «ሳይን አውት» ማለት ይኖርበታል፤ በአግባቡ በተሠራ ገጽ ላይ ያን ጊዜ ሰርቨሩ ራሱ ካርዱን ይሰርዘዋል። የዚያን ቀን ለማላውቀው ሰው ያደረግሁለት ይህንኑ ነበር፤ ከዚያም ወረቀቴን አትሜ ወጣሁ።