የአዲስ አበባ ሰዓሊያን የስቱዲዮ አያያዝና የሥራ መዝገብ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በአዲስ አበባ በሥዕል ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ ከቀለምና ከሸራ ሌላ ብዙ የወረቀት ሥራ ይጠብቀዋል፤ የሥራዎች መዝገብ፣ ለጋለሪ የሚሰጥ የርክክብ ሰነድ፣ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የግብር ማስታወቂያ፣ ሥዕል ከአገር ሲወጣ የሚጠየቅ ማረጋገጫ። ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክና ውበት ብዙ ቢጻፍም፣ ይህ የንግድና የመዝገብ ጎኑ በአማርኛ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እምብዛም አይገኝም። ዳሰሳው በታወቁት ሕጎች፣ ስለ ቀደሙት ሰዓሊያን በተጻፉት ታሪኮችና በሙያው ውስጥ በተለመደው አሠራር ላይ ተመሥርቶ የተጠናቀረ ነው።

ታሪካዊ አመጣጥ

በቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ትውፊት ሰዓሊው ስሙን በሥራው ላይ የማኖር ልማድ አልነበረውም፤ ስሙ ተጽፎ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የሠራው ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው ሥዕል ምክንያት ስማቸው ከታወቀው ጥቂቶች አንዱ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሰዓሊያን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች መሸጥ ሲጀምሩ፣ ሥዕል ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወጥቶ በገበያ የሚዞር ሆነ።

ሙያው ዘመናዊ መልክ የያዘው አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ትምህርታቸውን ፈጽመው ከተመለሱ በኋላ የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ባቋቋሙበት ጊዜ ነው። የትምህርት ቤቱን ምሥረታ አንዳንዶች በ1949 ዓ.ም.፣ ሌሎች በ1950 ዓ.ም. ያደርጉታል፤ በይፋ የተመረቀው ግን በ1950 ዓ.ም. በመሆኑ ይህኛው ቢያዝ ይመረጣል። ዛሬ በመሥራቹ ስም የሚጠራውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ አንጋፋ ተቋም በአገሪቱ ታላላቅ ከሚባሉት ሰዓሊያን አብዛኞቹን አስተምሯል ወይም በመምህርነት አስተናግዷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚያን ዘመን ሦስት ታላላቅ ሰዓሊያን ሕይወት፣ የሥራ አያያዝ ምን ያህል ውጤት እንዳለው ከየትኛውም መመሪያ በላይ ያሳያል። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስተዋት ሥዕል የሠሩ ባለሙያ ናቸው። ለመኖሪያ፣ ለስቱዲዮና ለማሳያ የሚሆነውን ቪላ አልፋን ራሳቸው ነድፈው አሠርተው፣ ዋና ዋና ሥራዎቻቸውን ከመሸጥ ይልቅ እዚያው አኑረዋል። በዚህም የተነሣ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ትልቁ ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱን ማን ያስተዳድር የሚለው ሲያነጋግር ቆይቷል፤ ወደዚያ ዝርዝር መግባት የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም።

በ1924 ዓ.ም. በሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ዕጣው ሌላ ሆነ። በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው ይህ ሰዓሊና ገጣሚ፣ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ሎውተን ከተማ ሲያርፍ ሥራዎቹ በተለያዩ አገሮች ተበታትነው ነበር። ጀርመን ከነበሩት ሥዕሎቹ መካከል ወደ አገር የተመለሱት በዩኒቨርሲቲው ሥር በ2008 እ.ኤ.አ. በተከፈተውና በስሙ በሚጠራው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ። በየሰው ሳሎን የቀሩትን አሰባስቦ መቁጠር ግን ለአጥኚዎች አስቸጋሪ ሥራ ነው። እስክንድር ቦጎሲያን በበኩሉ በትምህርት ቤቱ ካስተማረ በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። በ1964 እ.ኤ.አ. የሠራው «ጁጁስ ዌዲንግ» በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ክምችት ውስጥ ነው፤ ሙዚየሙ ከርዕሱና ከዓመቱ ጋር በምን ቁስ ላይ በምን ቀለም እንደተሠራ ጭምር መዝግቦ ስለያዘው ስለዚህ ሥራ የሚነሣ ጥርጣሬ የለም።

በደርግ ዘመን የሰዓሊው ዋና አሠሪ መንግሥት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንደ አስኒና ማኩሽ ያሉ የግል ጋለሪዎች ተበራከቱ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አዲስ ፋይን አርት ደግሞ በለንደንም ማሳያ እስከ መክፈት ደርሷል።

የሥራዎች መዝገብ

ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተርም ሆነ በኮምፒውተር የተሠራ ሠንጠረዥ፣ የመዝገቡ ይዘት አይለወጥም፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ በሴንቲሜትር የተለካ ቁመትና ወርድ፣ የሸራና የቀለም ዓይነት፣ የተጠናቀቀበት ቀን፣ ዋጋ፣ አሁን ያለበት ቦታ። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ሥዕሉ ለኤምባሲ ዐውደ ርዕይ ይሄዳል፣ ከዚያ ሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ከሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መቀየር በኋላ የማን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

መለያ ቁጥሩ በመዝገቡ ብቻ ሳይሆን በሥዕሉ ጀርባም መኖር አለበት። ቁጥሩን በሸራው ጀርባ በእስክሪብቶ ወይም በማርከር መጻፍ ቀለሙ እየዋለ እያደረ ወደ ፊት ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ሸራው በተወጠረበት እንጨት ላይ በእርሳስ መጻፍ ይመረጣል። ይሁንና ሥዕሉ ወደ ውጭ ሲላክ ሸራው ከእንጨቱ ተነቅሎ ስለሚጠቀለል ቁጥሩ ከእንጨቱ ጋር አዲስ አበባ ይቀራል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰዓሊ ከእንጨቱ ላይ ታጥፎ በሚቀረው የሸራ ጠርዝም ላይ ይደግመዋል።

ለኢትዮጵያ ሰዓሊ ብቻ የሚገጥም ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተጠናቀቀ ሥዕል ከታኅሣሥ 22 በፊት ከሆነ 2019፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 2020 እ.ኤ.አ. ይሆናል፤ ሰዓሊው «2012» ብሎ ብቻ ከፈረመ ግን የውጭ አገር ገዥ ሥራው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የቀደመ ይመስለዋል። ሁለቱንም መጻፍ ወይም «ዓ.ም.» የሚለውን አለመዘንጋት መፍትሔ ነው። ስምም እንዲሁ ነው፤ በላቲን ፊደል በየዐውደ ርዕዩ ለየቅል ሲጻፍ፣ አንዱ ካታሎግ በራሱ ስም ሌላው በአባቱ ስም ሲመድበው፣ አንድ ሰዓሊ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል።

ከጋለሪ ጋር የሚደረግ ርክክብ

አብዛኛው ጋለሪ ሥዕል ገዝቶ አይሸጥም፤ በአደራ ተቀብሎ ሲሸጥ ኮሚሽን ይወስዳል። የኮሚሽኑ መጠን እንደ ጋለሪው ይለያያል፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ የተለመደ ነው። ጋለሪዎች ለኪራይ፣ ለመብራት፣ ለመጋበዣ ካርድና ለመክፈቻው ምሽት መስተንግዶ የሚያወጡትን በመጥቀስ ድርሻው ተገቢ ነው ይላሉ፤ ሰዓሊያን ግን ይበዛል ባዮች ናቸው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም።

ክርክር የሚነሣው ከመቶኛው ይልቅ በቃል በቀሩት ጉዳዮች ላይ ነው። የርክክቡ ሰነድ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በሁለቱም ወገን ሲፈረም፣ የሥዕሎቹን መለያ ቁጥር፣ የመሸጫ ዋጋና የኮሚሽን ድርሻ፣ ከተሸጠ በስንት ቀን ውስጥ ገንዘቡ እንደሚከፈል፣ ካልተሸጠ መቼ እንደሚመለስ፣ ቅናሽ ቢደረግ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚክስ መያዝ ይኖርበታል። «ወንድሜ፣ በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር በሙያው ውስጥ በሰፊው የሚሰማ ሲሆን፣ ይሉኝታ ይዞት ያለ ፊርማ ሥዕሉን ያስረከበ ሰዓሊ ከዓመት በኋላ ለማስመለስ ሽማግሌ እስከ መላክ ይደርሳል። በትዕዛዝ ለሚሠራ ሥዕልም ቀብድ መቀበልና ቀብዱን ከነቀኑ በጽሑፍ ማስፈር ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

ግብርና ሒሳብ

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ነጋዴዎች ደረጃ ሀ፣ ለ እና ሐ ተብለው ተከፍለው ነበር፤ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ በደረጃ ሐ ተመድቦ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ይከፍል ነበር። አመዳደቡ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻለ ወቅታዊውን ከወረዳ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያሻል። የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት አነስተኛ ግብር ከፋይ ግብሩ በግምት ይወሰናል፤ ይህ አሠራር በየቀኑ ለሚሸጥ ሱቅ የታሰበ በመሆኑ፣ በአንድ ዐውደ ርዕይ አምስት ሥዕል ሸጦ ቀጣዮቹን ስምንት ወራት ምንም ለማይሸጥ ሰዓሊ በቀላሉ አይስማማም። የገማቹን ቁጥር መሟገት የሚቻለው በቀን በተደረደረ የሽያጭና የወጪ ማስረጃ ብቻ ስለሆነ፣ የቀለም፣ የሸራ፣ የፍሬምና የስቱዲዮ ኪራይ ደረሰኞችን በየወሩ በፖስታ ለይቶ ማስቀመጥ ግዴታ ባይሆንም ይጠቅማል።

የቅጂ መብት

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስለ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ጥበብ ባለቤትነት የተደነገገው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተተክቷል። ሥዕሉን መሸጥ የማባዛት መብቱን መሸጥ አይደለም፤ ገዥው ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይችላል፣ በካሌንደርና በቲሸርት ሊያትመው ግን ያለ ሰዓሊው ፈቃድ አይችልም። የኢኮኖሚ መብቱ በሰዓሊው ሕይወት ዘመንና ከሕልፈቱ በኋላ ለ50 ዓመታት የሚጠበቅ ስለሆነ፣ በዚህ ስሌት የገብረ ክርስቶስ ሥራዎች ጥበቃ እስከ 2023 ዓ.ም. ገደማ ይዘልቃል። ወራሽ ግን የሥዕሎቹ ዝርዝርና ጥራት ያለው ፎቶግራፍ በእጁ ከሌለ መብቱን በተግባር ሊያስከብር ይቸገራል።

ሥዕል ከአገር ሲወጣ

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ትላንት የተሣለ ሥዕል ቅርስ ባይሆንም፣ የኤርፖርት ፈታሽ በዓይን ለይቶ የማወቅ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ መንገደኛው ወይም ሰዓሊው ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። በተለይ በብራና ላይ የተሣሉና የቤተ ክርስቲያን አሣሣል የሚከተሉ ሥራዎች ለጥያቄ ይጋለጣሉ። ለገዥ የሚሰጥ የሽያጭ ደረሰኝ ላይ የሰዓሊው ስም፣ የሥራው ዓመትና መለኪያ መኖሩ ጉዳዩን ያቀልለዋል፤ ገዥው ዓርብ ማታ የሚበር ከሆነ ግን ቢሮው ክፍት በሆነበት ሰዓት መድረስ ስለሚያስፈልግ ጋለሪዎች ይህን ቀድመው ለገዥው ይነግራሉ።

ስልክና ዲጂታል መዝገብ

ዛሬ ብዙ ሰዓሊያን ሥራቸውን በቴሌግራምና በኢንስታግራም ያሳያሉ፤ በቴሌብርና በባንክ ዝውውር ይከፈላቸዋል። የዝውውሩ መልእክት ቀንና መጠን ስለሚይዝ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም የትኛው ሥዕል እንደተሸጠ አይናገርም። ስለሆነም ገዥው ሲልክ በምክንያት መጻፊያው ላይ የሥዕሉን መለያ ቁጥር እንዲያስገባ መጠየቅ፣ የሥዕል ገቢንም ከቤት አስቤዛ በተለየ የባንክ ሒሳብ ማስገባት እየተለመደ መጥቷል። የሥዕሎቹ ፎቶግራፎች በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ሲቀመጡ ስልኩ በጠፋ ቀን አብረው ስለሚጠፉ፣ ቅጂያቸው በሌላ ሰው ዘንድ በሃርድ ዲስክ እንዲቀመጥ ይደረጋል።