ገና የበቀለ ችግኝ በመሃል አዲስ አበባ

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ በጠባብ ግቢና በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ዘር የሚዘራ ሰው ጥቂት አይደለም። የሚዘራውም በአብዛኛው የሚበላ ነገር ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ድንብላል። ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ናና ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ግቢ ቆርጠው ወይም ነቅለው የሚተክሏቸው ስለሆኑ የእነሱ ነገር ሌላ ነው።

ስለ መትከል ብዙ ይወራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ዶማና አካፋ ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም የጓሮ አትክልትን ነገር ከፍ አድርጎታል። ዘሩ አፈሩን ሰንጥቆ ከወጣ በኋላ ስላሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ግን ብዙም አይነሳም። ጀማሪ ችግኙን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። የሚያጣውም ስለረሳው ሳይሆን ስላበዛለት ነው፤ ውሃ ያበዛል፣ ማዳበሪያ ያበዛል፣ ቶሎ ቶሎ ይነካካል።

መሃል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀኑ ሞቅ ቢልም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ጎመንና ሰላጣ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ሙቀት ይፈልጋሉ። ለመብቀል የሚመቻቸው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያለ አፈር ነው። በቀዝቃዛ መስኮት ሥር የተቀመጠ የቃሪያ ዘር ሦስት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ይችላል። ሰው ዘሩ ሞቷል ብሎ አፈሩን የሚደፋው ያኔ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፍሪጅ ላይ ወይም ምጣድ የሚጣድበት ኩሽና ውስጥ ማስቀመጥ። የቲማቲምና የቃሪያ ዘር እስኪበቅል ድረስ ብርሃን አይፈልግም። ሰላጣ ግን ብርሃን ስለሚወድ ዘሩን አፈር ላይ በትኖ በስሱ ብቻ መሸፈን ይበቃል። ለሌላው ዘር የውፍረቱን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያህል አፈር ማልበስ ነው።

አንገቱን ያወጣ ችግኝ ግን በዚያው ቀን ወደ ብርሃን መሄድ አለበት። ነገ አወጣዋለሁ ከተባለ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል። ቀጥኖ፣ ነጥቶ፣ ወደ መስኮቱ ይዘማል። እንዲህ የሆነን ጎመን ማስተካከል ይከብዳል። ቲማቲም ሲሆን ግን ሌላ ማሰሮ ውስጥ እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ድረስ ጠለቅ አድርጎ መትከል ይቻላል። ግንዱ አፈር በነካው በኩል ሥር ያወጣል።

በረንዳው ወዴት እንደሚያይ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ። በእነዚህ መካከል ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በቀረው የዓመቱ ክፍል በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ በበጋ ፀሐይ ሲጠግብ፣ ወደ ሰሜን የሚያየው ደግሞ ከሚያዝያ ወዲህ ተራው ይደርሰዋል። ሰኔ ሲገባ ግን ደመናው ይመጣና ተራው ብዙም አይጠቅመውም። ፊት ለፊቱ ፎቅ የተገተረበት ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ስሌት ትቶ ጣሪያው ላይ ቦታ ቢለምን ይሻለዋል።

አፈሩ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሰፈር ቀይ አፈር አለው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጥቁሩ ዋልካ ይበዛል። ዋልካ ለብቻው ለችግኝ አይሆንም። ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ጨቅላውን ሥር ይበጥሰዋል። ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙት ድብልቅ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ጥሩ መነሻ ነው። ብስባሹ የበሰለ መሆኑ ላይ ድርድር የለም። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በየቤቱ የሚደፋው የቡና አተላም ለትልቅ ተክል ብስባሽ ውስጥ ቢገባ እንጂ፣ እንዳለ ጨቅላ ችግኝ ላይ ሲደረግ እድገቱን ይገታዋል። ማዳበሪያም ገና ነው። ዘሩ የራሱን ስንቅ ይዞ ስለሚወጣ፣ ከሁለቱ የዘር ቅጠሎች በኋላ እውነተኞቹ ቅጠሎች እስኪመጡ ምንም አይጠይቅም።

ለመያዣ የሚገዛ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወገቡ ላይ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የእርጎ ኩባያ፣ የእንቁላል ካርቶን ሁሉም ይሆናል። ታችኛው በሚስማር ካልተበሳ ግን የትኛውም አይሆንም።

ዋናው የውሃው ጉዳይ ነው። ችግኝ ትናንት ቆሞ ዛሬ ጠዋት ተጋድሞ ይገኛል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ክር መስሏል። ቅጠሉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ይህን የሚያደርጉት እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ናቸው። እርጥበት፣ ብርድና የታፈነ አየር ሲገናኙላቸው ይነሳሉ። ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው። አንዱ ከወደቀ ጎረቤቱም ይከተላል፤ የወደቀውን ማዳኛ መድኃኒት የለም። የቀሩትን ለማትረፍ ውሃ ማቆም፣ ፕላስቲክ ክዳን ካለ ማንሳት፣ አየር ወዳለበት ማውጣት ነው። አንዳንዱ ሰው ከመዝራቱ በፊት አፈሩ ላይ የፈላ ውሃ ያፈሳል። ሁሉንም አይገድልም፤ ግን ይቀንሳል። ያገለገለ መያዣ በበረኪና ማጠብም ያው ነው።

ውሃ መቼ ይጠጣ ለሚለው የቀን መቁጠሪያ አይሠራም። ጣትን አፈር ውስጥ ትንሽ ማስገባት ነው። ላዩ ከደረቀ ይጠጣል፤ ከረጠበ ይቆይ። ከላይ ማፍሰስ ቀጭኑን ግንድ ያጋድማል። ስለዚህ መያዣውን ውሃ ባለበት ዝርግ ሳህን ላይ አስቀምጦ ከታች እንዲመጥ ማድረግ፣ ላዩ ሲረጥብም ማንሳት ይሻላል። ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ማታ የጠጣ ችግኝ ሌሊቱን በብርድና በእርጥበት ያድራል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው ብለው የሚጨነቁ አሉ። ለእኔ ከክሎሪኑ ይልቅ ብርዱ ያሳስባል። ደግሞ በፈረቃ ለሚኖር ሰው ውሃው በሮቶ ወይም በባልዲ መቆየቱ አይቀርም። ከባልዲው ሲቀዳ የቤቱን ሙቀት ይዟል። ፈረቃ ለአንድ ነገር ከጠቀመ ለዚህ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ጠላትም አለ። በክረምት ቀንድ አውጣ በአንድ ሌሊት የሰላጣ ችግኝ ይጨርሳል። በመያዣው ዙሪያ አመድ መነስነስ የቆየ ዘዴ ነው፤ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ይሠራል። ወፎች ለስላሳ ቅጠል ይወዳሉ። ድመት ደግሞ የለሰለሰ አፈር ካየች ጉዳዩ ያለቀለት ነው።

አንድ ኩባያ ውስጥ አምስት ከበቀለ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን ማሳሳት ያስፈልጋል። ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳል፣ አምስቱንም ያሳድጋል፣ አምስቱም ይቀጭጫሉ። የሚወገደውን መንቀል የቀረውን ሥር ስለሚያናጋ በመቀስ ከአንገቱ መቁረጥ ይመረጣል። ሲዛወር የሚያዘው ቅጠሉ ነው። የተቀደደ ቅጠል ይተካል፤ የተቀጠፈ ግንድ አይተካም።

ለመትከል ጎመን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። ቲማቲም በዚህ ብርድ ሁለት ወር ሊጠጋ ይችላል፤ ቃሪያም ይበልጣል። ከቤት በቀጥታ ወደ ቀትር ፀሐይ ማውጣት ግን አይገባም። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ መስኮት ሥር ያደገ ቅጠል በአንድ ከሰዓት ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ እየጨመሩ፣ ሌሊት እያስገቡ፣ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ይለምዳል።

ዘሩ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከመርካቶ ነው። ማረቆ ፋና ቃሪያና ሮማ ቪኤፍ ቲማቲም በስማቸው የሚጠየቁ ናቸው። ከድቅል ዝርያ ፍሬ ዘር አውጥቶ መልሶ መዝራት ግን እናቱን የመሰለ አያወጣም። ዘር መጠበቅ የማይፈልግ ሰው መንገድ ዳር ከተደረደሩት ችግኞች ይገዛል። ያኔ ረጅሙን ሳይሆን አጭርና ግንደ ወፍራሙን፣ ያበበውን ሳይሆን ገና ቅጠል የሆነውን መምረጥ ነው። የጥቁሩን ፕላስቲክ ታችም ገልበጥ አድርጎ ማየት ይገባል። ሥሩ ወጥቶ ከተጠቀለለ እዚያው ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ ሻጩ ዋጋ ካልቀነሰ አይወሰድም።