ካርዱ ሳይቆጠር ድምፅ እንዴት ይለያል?

ላንድስገማይንደ የሚለው ስም ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የመራጮች የአደባባይ ስብሰባ ማለት ነው። በስዊዘርላንድ ተራሮች መሃል ባለችው ግላሩስ ካንቶን (ካንቶንን እንደ ክልል ቁጠሩት፣ ይቺኛዋ ግን ትንሽዬ ናት) ሕዝቡ በዓመት አንዴ፣ በፈረንጆቹ ሜይ የመጀመሪያ እሁድ አደባባይ ወጥቶ ሕግና ግብር ላይ ይወስናል። በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ 16 ዓመት የሞላውም ይመርጣል።

ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው፤ መራጩ ድምፅ ለመስጠት ወደ ላይ የሚያወጣው ካርድ አይቆጠርም! ላንዳማን የሚባለው የካንቶኑ መሪ መድረክ ላይ ቆሞ ብዛቱን በዓይኑ ይገምትና የትኛው ወገን እንዳመዘነ ይናገራል። ካልለየለት አራቱን የካቢኔ ባልደረቦቹን ጠርቶ ሊያማክር ይችላል፣ የመጨረሻው ቃል ግን የራሱ ነው፣ ይግባኝም የለውም። ለእኛ ጆሮ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ሌላው ደግሞ ማንኛውም መራጭ ተነስቶ "ይሄ ይቀየር" ማለት ይችላል፣ ይሄ የወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2006 የካንቶኑ መንግሥት 25 የነበሩትን ማዘጋጃ ቤቶች ወደ 10 እናውርዳቸው ብሎ መጣ። አንድ ተራ ነዋሪ ተነሳና ሦስት ይበቃሉ አለ። ካርድ ወጣ፣ ተገመተ፣ ሦስቱ አሸነፈ። በዓመቱ ጉዳዩ እንደገና ለድምፅ ቢቀርብም ሕዝቡ አልተመለሰም፣ ከ2011 ጀምሮም ግላሩስ ያሏት ማዘጋጃ ቤቶች ሦስት ብቻ ናቸው።