የመጠይቅ ቅድመ ሙከራ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ቅድመ ሙከራ ሲባል የፊደል ግድፈት መልቀም ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው ነገር መላሹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳው ማወቅ ነው።

“ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሄዱ?” የሚለውን እንይ። አንዱ ያለፉትን 30 ቀናት ይቆጥራል። ሌላው ከዚህ በፊት ያለቀውን ወር ብቻ። ልጁን ለማሳከም የሄደውስ ይቁጠረው? ሁሉም የመለሱት ከልባቸው ነው፤ ቁጥሮቹ ግን አይነጻጸሩም። እንዲህ ያለውን ስህተት ደግሞ የመላሾችን ቁጥር ማብዛት አያስተካክለውም።

ስለዚህ መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ቁጭ ተብሎ ይሞከራል። ይህ ኮግኒቲቭ ቃለ መጠይቅ ይባላል። “ጥያቄው ገብቶዎታል?” ማለት ዋጋ የለውም፤ አብዛኛው ሰው አዎ ይላል። “በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ፤ እንዴት ቆጠሩት?” ሲባል ነው ጉዱ የሚወጣው። ጥያቄው ከተስተካከለ በኋላም እንደገና መሞከር አለበት።