ከአጥር ሥር የሚለቀም ፍሬ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ወፍ የበላውን ሰው ቢበላው ምንም አይሆንም»

ይሆናል። ወፎች አብዛኛውን ጊዜ ፍሬውን ሳያኝኩ ውጠው ዘሩን እንዳለ ያስወጡታል፤ ሆዳቸውም እንደኛ ሆድ አይደለም። እንዶድን ወፍ ይለቅመዋል። ነገር ግን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ እንዶድ ምክንያት ነበር። አጥር ላይ የሚተከለው የወፍ ቆሎም ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬው መርዛማ ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት ንገሯቸው።

«ጠቆር ያለ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ አጋም ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ስህተት ይህ ነው። የሚበላው አጋምና መርዛማው መረንዝ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ አበባቸው ነጣ ያለና መዓዛው ደስ የሚል ነው፤ ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ፤ ፍሬያቸውም ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይለወጣል። የመረንዝ መርዝ ግን በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስት ጫፍ ሲቀቡበት የኖሩት ነው፤ የሚያጠቃው ልብን ነው።

መለያው እሾህ ነው። የአጋም ቅርንጫፍ ቀጥ ያለ ጠንካራ እሾህ አለው፤ አንዳንዱ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። መረንዝ ቅርንጫፉ ላይ እሾህ የለውም፤ ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሰል ሆኖ ጫፉ ሹል ነው። ሁለቱ ተጠላልፈው ከበቀሉ ፍሬው የተንጠለጠለበትን ቅርንጫፍ በዓይን ተከትላችሁ እሾሁን እዚያው ላይ ካላገኛችሁ ተዉት። ቅርንጫፉን ሳታዩ፣ ሌላ ሰው ለቅሞ በሳህን ያቀረበውንም አትብሉ። አጋም መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሙሉ በሙሉ የጠቆረውንና ሲነኩት ለስለስ ያለውን ብቻ ልቀሙ፤ ቀዩ ገና ወተት ስላለው ከንፈር ላይ ይጣበቃል፣ አፍም ይይዛል።

«ቀምሶ ካልመረረ ይበላል»

ምላስ መርዝን አይለይም። ጣፋጭ ሆኖ የሚጎዳ ፍሬ አለ።

«አውጥ መርዝ ነው» ወይም «አውጥ ምንጊዜም ይበላል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በደንብ የጠቆረው የአውጥ ፍሬ ይበላል፤ አረንጓዴው ሶላኒን የተባለ መርዝ ስላለው ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። በአንድ ዘለላ ላይ ጥቁሩና አረንጓዴው ተደባልቀው ስለሚገኙ ዘለላውን በሙሉ ሳትቀጥፉ ፍሬ በፍሬ ልቀሙ። «ቢቀቀል መርዙ ይጠፋል» የሚባለውም አያዋጣም፤ ሶላኒን በፈላ ውሃ ሙቀት በቀላሉ አይፈርስም። የአውጥ ዘመድ የሆነው እምቧይ ግን ቢጫ ሆኖ ቢበስልም አይበላም።

«ቀጋ እንዳለ ይቆረጠማል»

የሚበላው ውጪኛው ቀይ ሥጋው ነው። ውስጡ ዘሩን የሸፈነ ደቃቅ ፀጉር አለ፤ ጉሮሮንና አንጀትን ያሳክካል። ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቁ፣ በማንኪያ ጫፍ ዘሩንና ፀጉሩን ጠርጋችሁ አውጡ፣ ከዚያ በውሃ አለቅልቁ። ለሻይ 2 የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ቀጋ በግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ከድናችሁ ለ15 ደቂቃ ተዉት። ረጅም ጊዜ ካፈላችሁት ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል።

«እንጆሪ ታጥቦ ቢቀመጥ ይቆያል»

የዱር እንጆሪ ለመለየት ቀላል ነው፤ ፍሬው ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች አንድ ላይ ተጣብቀው የሚፈጥሩት ነው፣ ግንዱም እሾሃም ነው። ታጥቦ ከተቀመጠ ግን ቶሎ ይሻግታል። የሚበላ ሲሆን ብቻ እጠቡት፤ ትል ካለበት ለ10 ደቂቃ ጨው በገባበት ውሃ ዘፍዝፉት።

«የተመረዘ ሰው ወተት ጠጥቶ ያስመልስ»

አታስመልሱት። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ በውሃ ያጉመጥምጥ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቅጠልና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አብራችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ተክሉን ካወቀ ምን መከታተል እንዳለበት ያውቃል። መረንዝ ከተጠረጠረ የሕመም ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ።