«ጨቅላ ምን ይገባዋል?»፦ ስለ ሕፃናት የቤት ውስጥ ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በመንዝም ሆነ በተጉለት፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ አራስ ቤት ገብቶ ምክር የማይሰጥ የለም። አብዛኛው ምክር ደግ ነው። እነዚህኞቹ ግን ቢታረሙ ለልጆቹ ይበጃል።

«ገና ጨቅላ ነው፤ ምን ይገባዋል?»

ልጅ መስማት የሚጀምረው በማኅፀን ሳለ ነው፤ ሲወለድ የእናቱን ድምፅ ከሌላው ይለያል። አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ሲጠባ ከእናቱ ፊት የሚርቀውም ይህንኑ ያህል ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱ ፊትና ድምፅ ስለሆነ ከገበያ የሚገዛ ነገር የለም።

ማውራቱን ብዙ ቤት ያውቅበታል። የሚቀረው መጠበቁ ነው። የሦስት ወር ልጅ «እግ» ሲል ሥራችሁን ለአፍታ ተዉና ዐይኑን እያያችሁ ያለውን መልሳችሁ በሉለት። ከዚያ ዝም በሉ፤ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። አፉን ይከፍታል፣ እግሩን ያወራጫል፣ ቆይቶ ድምፅ ያወጣል። ትልቅ ሰው ይህን ዝምታ አይታገሥም፤ በላዩ ላይ ያወራበታል፤ ልጁም የእሱ ተራ መቼ እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል። ፊቱን ካዞረ ግን ደክሞታልና አሳርፉት።

ዓመት ሲሞላው ወሬው ይሰፋል። ቡና እየፈላ ጣቱን ወደ ረከቦቱ ቀስሮ «ሲ» ቢል፣ «አዎ፣ ሲኒ! ነጭ ሲኒ» በሉት፤ እሱ ባለው ላይ አንድ ቃል ጨምሩለት። (ጀበናውና ፍሙ እጁ ከማይደርስበት ይሁኑ።) ውሻን «ሁሻ» ቢለው «እንዲህ አይባልም» አትበሉት፤ «አዎ፣ ውሻ፤ ውሻው ጮኸ» ብላችሁ ትክክለኛውን አሰሙት። በየቃሉ የሚታረም ልጅ መናገር ይፈራል። ስንዴ ሲለቀም፣ ሊጥ ሲቦካ፣ ልብስ ሲታጠብም እንዲሁ ነው።

«ብርድ ነው፤ ተጠቅልሎ ይዋል»

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭዋም የታወቀ ነው። ልጁን ማልበስ ተገቢ ነው፤ ችግሩ ማሰሩ ላይ ነው። እግሮቹ ተዘርግተውና ተጣብቀው ጥብቅ ተደርገው ከተጠቀለሉ የዳሌው መጋጠሚያ በትክክል ላያድግ ይችላል። ከወገቡ በታች ይላላ፤ ጉልበቱን አጥፎ እግሩን ወደ ጎን መክፈት ይቻለው። በዚህ በኩል አንቀልባ መልካም ነው፤ እግሮቹ የእናቱን ወገብ አቅፈው ተከፍተው ይቀመጣሉና።

አንገቱንና ትከሻውን የሚያጠነክረው ግን ነቅቶ በሆዱ ሲተኛ ነው። ረፋድ ላይ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ ቤቱን ስታሞቅ፣ ወለል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ ጋቢ አንጥፉና በደረቱ አስተኙት። እናንተም ፊት ለፊቱ ጋደም በሉ። በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ጀምሩ፤ ቀስ በቀስ በቀን ውስጥ ተደምሮ 30 ደቂቃ ይድረስ። አጎዛ አይሁን፤ ፀጉሩ ለስላሳ ስለሆነ ፊቱን ሲደፋ ትንፋሹን ያፍነዋል። ሲያንቀላፋ በጀርባው መልሱት፤ እንቅልፍ ሁልጊዜ በጀርባ ነው።

«ስልኩ ፊደል ያስተምረዋል»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት ነው፣ ባነሰም ይሻላል። ስልክ «እግ» ላለው ልጅ አይመልስም፤ ዐይኑንም አያይም። ጣሳ፣ ክዳንና ትንሽ እንቅብ ስጡት፤ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይገለብጣል። ትልቅና ትንሽ፣ ውስጥና ውጭ የሚባለውን የሚማረው በእጁ ነው። ከለስላሳ ጠርሙስ ክዳን የማይበልጥ ነገር ሁሉ ግን ከእሱ ይራቅ፤ ቆሎ፣ ሽምብራና የባቄላ አሹቅ ትንፋሽ ይዘጋሉ። የሰዓት ክብ ባትሪ ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ስለሚችል ሳታዘገዩ ወደ ሐኪም ሩጡ።

«ቶሎ እንዲሄድ ዎከር ይገዛለት»

ዎከር መሄድን አያፋጥንም፤ ከደረጃና ከእሳት ጋር ግን ያገናኛል። ጤነኛ ልጅ ከ8 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ብቻውን ይሄዳል።

«ሁለት ቋንቋ አንደበቱን ያስርበታል»

አማርኛና ኦሮምኛ፣ ወይም አማርኛና አርጎብኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ልጅ በዚህ ምክንያት አፉን ለመፍታት አይዘገይም። ቢቀላቅል ጤነኛ ነገር ነው። ስንት ቃል ያውቃል ስትሉ የሁለቱንም ቋንቋ ደምሩ።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ ይጠበቅ»

ወንዶች ከሴቶች ጥቂት መዘግየታቸው እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ለብዙ ወራት የሚያስጠብቅ አይደለም። በ10 ወሩ «ባባ»፣ «ዳዳ» የማይል፣ በ18 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በ2 ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል የማያጋጥም ልጅ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮው ነው። በር ሲንኳኳ ቢደነግጥም በደንብ ይሰማል ማለት አይደለም፤ ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ ቀጭኑን ሊያጣ ይችላል። ጆሮው መግል ፈሶት የሚያውቅ ከሆነ ይህን ንገሯቸው። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ልጅ ካለ ዕድሜው ስንትም ቢሆን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት።