ውጪው ያው፣ ውስጡ ሌላ፦ የቮልስ ሞተር ማደስ ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ጣጣ አይቀርለትም። ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። እንጦጦ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽም ይንፈራገጣል። ያየው ሁሉ «ጣለውና ሌላ ሞተር ግጠምበት» ይላል።

ሌላም መንገድ አለ። የራሱን ሞተር አውርዶ፣ ፈትቶ፣ እንደ አዲስ መሥራት፤ እግረ መንገድንም ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ትንሽ አሻሽሎ መግጠም። የኋላውን ክዳን የከፈተ ሰው ልዩነቱን አያይም። የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው።

የራሱን ማደስ ለምን ይሻላል? አንደኛ ሊብሬው አለ። የሞተር ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል፤ ብረቱ ላይም ከዲናሞው ሥር ተመትቷል። ሁለቱ ከተጣጣሙ ባለመኪናው በሰላም ያድራል። ሁለተኛ፣ ይህ ሞተር ሲፈጠርም ለመፈታት የተሠራ ይመስላል። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ራዲያተር የለው፣ ውሃ የለው።

1600 የሚባለውን እንውሰድ። ትክክለኛ ልኩ 1584 ሲሲ፣ ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህ ግን ቆላ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው ያህል ገና ሳይነዳ ሄዷል። ካርቡራቶሩ ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ርካሹ ማሻሻያ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች መቀየር ነው።

ዋናው ሥራ ግን ያለው ሚዛን ላይ ነው። አንድ መካኒክ አራቱን ፒስተኖች በወርቅ ቤት ሚዛን ሲመዝን አይቻለሁ። ሦስቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ አራተኛው በ8 ግራም ይከብዳል። ከውስጥ በኩል ጥቂት ፋቅ ያደርጋል፣ ይመዝናል፣ ደግሞ ይፍቃል። ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዙትን ቢየላዎችንም እንዲሁ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። 8 ግራም ምን አላት? ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር፣ ፒስተኑ ጫፍ በደረሰ ቁጥር እንደ 6 ኪሎ ነገር ሆና ትጎትታለች። ሞተሩ የሚንቀጠቀጠው፣ ቶሎም የሚያልቀው በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሌላው ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር የሚተወውን ክፍተት ማጥበብ ነው። የዚህ ሞተር እመቃ፣ ማለትም ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን ስንት እጥፍ እንደሚያምቅ፣ 7.5 ለ1 አካባቢ ነው። ወደ 8 ከፍ ቢል እንኳ ስሱ አየር ስለሚያግዝ፣ ቤንዚኑ በራሱ እየፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል የሚለው ስጋት እዚህ ከፍታ ላይ ከቆላው ያነሰ ነው። ደጋነታችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ብቻ ነው!

ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ማጣሪያውም እንደ ሻይ ማጥለያ ያለ ወንፊት ነው። ያው ዘይት ግን ሞተሩን ማቀዝቀዝም አለበት። ትክክለኛ የዘይት ፊልትሮ መጨመር ፍጥነት አይሰጥም፣ ዕድሜ ይሰጣል። ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢውተሩ ክዳን ሥር ያለው ኮንታክትም በኤሌክትሮኒክስ ሊተካ ይችላል። ክዳኑ ሲመለስ ማንም አያውቅም።

እዚህ ላይ «ጉልበት እንዲጨምር ለምን ውስጡ 88 ሚሊሜትር የሚሰፋ ሲሊንደር አናስገባም?» የሚል መምጣቱ አይቀርም። የፋብሪካው 85.5 ነው። የሞተሩን አካል ማስፋት ሳያስፈልግ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው 88 ግን ግድግዳው ስስ ነው። ይግላል፣ ቅርጹን ይስታል። እኔ ብሆን አላስገባም።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ዘይት ብዙ አይቆይም፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይደፋል። የቫልቮቹ ክፍተትም እንደገና ይታያል፦ 0.15 ሚሊሜትር። የሚለካው ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ጋራዥ ያድርና ጠዋት፣ ማንም ቁልፍ ሳይነካ።